ሦስተኛው ላስቲክ

አቶ ይልማ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ማምሻውን፣ ከገዛ ሳሎናቸው ወለል በታች፣ ሰው በእንብርክኩ ካልሆነ በማይገባበት ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ግንባራቸው ተፈንክቷል፣ እጃቸው ጭቃ ጨብጧል፣ የእጅ ባትሪያቸው ከጎናቸው እንደበራ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ጄኔቭ አጠገብ ያለችው የቨርሷ ፖሊስ ነገሩን ለመደምደም ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የቤት ሠራተኛዋ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከፍታ ረሳች፤ ውሃው በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ገብቶ መሬቱን ጭቃ አደረገው፤ ሰውዬው አዳልጧቸው ከሲሚንቶው ምሰሶ ጋር ተጋጩ፤ እሷም ሰው መኖሩን ሳታይ የወለሉን ክዳን ዘጋችባቸው። ፖሊስ የጻፈው ይህንን ነው። ሠራተኛዋ ገበያ ነበርኩ፣ ጎማውንም ክዳኑንም አልነካሁም ብትል ሰሚ አላገኘችም።

ሠራተኛዋ ናኒ ትባላለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የመኖሪያ ወረቀቷ የተሰጣት በአቶ ይልማ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር። በቸልተኝነት ሰው ገድለሻል ተብላ ከተከሰሰች እስራቱ ሲያልቅ በአውሮፕላን ተጭና መመለሷ ነው። ከሁሉ የባሰባት ግን እንደ አባት የምታያቸውን ሰው ገደልሻቸው መባሏ ነበር።

የደወለችው ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር ለምትኖረው፣ የእናቷ የድሮ ጎረቤት ለሆነችው ለአፀደ ነው። አፀደ አዲስ አበባ ሳለች አሥራ አንድ ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበረች። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ያላጣራችውን ነገር አጣርቻለሁ ብላ እንድትፈርም ቢያቀርቡላት እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አሁን ውሃ የገባባቸውን ቤቶች በማሽን የሚያደርቅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ያኔ የሰውን ቃል አታምንም ነበር፤ አሁን የግድግዳን አታምንም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ስትደርስ ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። የሟች ሚስት ሮማነወርቅ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ናኒን ቀና ብላ ካየቻት ሁለት ቀን ሆኗታል፣ ልጅቷም ከወጥ ቤት አትወጣም። በሩ አጠገብ ከተማ የሚባለው የሮማነወርቅ ወንድም ወንበር ይዟል። እሱም የኦርሊኮን ነዋሪ ነው። የሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ «እንዴት ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነበርና አሟሟቱን መተረክ የእሱ ድርሻ ሆኗል።

አፀደ እርሟን ካወጣች በኋላ የሥራ ሱሪዋን ለበሰች፣ የጉልበት መከላከያዋን አሰረች፣ ከወጥ ቤት አንድ ማንኪያ ይዛ ክዳኑን ከፍታ ወረደች። ናኒ ከላይ መብራት ያዘችላት።

ጭቃው ያለው ከአየር ማስገቢያው ሥር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ መሬቱ ላይ ዙሪያቸውን በፕላስተር የተለጠፉ ሁለት ቁራጭ ላስቲኮች አገኘች። በአቶ ይልማ እጅ ጽሑፍ «ሰኞ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

«እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ?» አለች።

«አዎ እትዬ። ፕላስተሩን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ኮንትራክተሩ ተድላ ውሃው ከሐይቁ በመሬት ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ቤቱ ዙሪያውን ካልተቆፈረ ይወድቃል ብሏቸው ነበር። እሳቸው አላመኑትም። ከመሬት ከሆነ ላስቲኩ ከሥሩ ያልበዋል፣ ከአየር ከሆነ ከላዩ፤ ቆይተን እናያለን አሉኝ።»

«ስንት ለጠፋችሁ?»

«ሁለት።»

አፀደ አንዱን ገለጠችው፤ ሥሩ ውሃ ነው። ሌላውም እንደዚያው። ተድላ እውነቱን ነበር ማለት ነው። እሷ ግን በነካ እጇ እርጥቡን አፈር በማንኪያ ጫረችው። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ስትል አቧራ ወጣ፣ ደረቅ አቧራ። ሌላውንም ጫረች፤ ያው ነው። ከታች የሚመጣ ውሃ ታቹን አድርቆ ላዩን አያረጥብም።

ልትመለስ ስትል መብራቷ ከምሰሶው ጀርባ አንድ ነገር ላይ አብለጨለጨ። ሦስተኛ ላስቲክ ነው፤ «ሐሙስ» ይላል፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ። ከላዩ ትንሽ ጤዛ ይዟል፣ ሥሩ ግን ደረቅ ነው። ፖሊስ ለቤተሰቡ በሰጠው ወረቀት ላይ የተመዘገቡት ሁለት ላስቲኮች ብቻ ነበሩ። አፀደ ይኼን ለማንም፣ ለናኒም ሳትነግር ወጣች።

ተድላን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አገኘችው። በሠላሳዎቹ ያለ፣ እጁ የሻከረ፣ ከኀፍረት የተነሣ ለቅሶ ቤት መግባት የፈራ ሰው ነው። ሐሙስ ዕለት ከሦስት ሠራተኞች ጋር ሻትሌን በሚባል ሰፈር የሰው ወጥ ቤት ሲያድስ እንደዋለ ሳትጠይቀው ነገራት።

«ከመሬት ነው ያልከው ምን አይተህ ነው?»

«መለኪያዬ ጣራ ነክቶ ነዋ። ሁለቴ ለካሁ፣ ሁለቴም ያው ነው።»

«መቼ መቼ?»

«እሑድ እሑድ። ከተማ ነው የሚጠራኝ። ቅዳሜ እዚህ ያድርና እሑድ ጠዋት ና ይለኛል።»

«አፈሩን ቆፍረህ አይተኸዋል?»

«መለኪያ እያለ ምን ያስቆፍረኛል?»

አፀደ ተናደደችበት። መለኪያ የነካውን እንጂ የመጣበትን አይናገርም፣ ከሰው ቤት ሥር ከመቆፈርህ በፊት አንድ ማንኪያ ብትቆፍር ምን ነበረበት ብላ ወረደችበት። ተድላ አንገቱን ደፋ። ተሳስቷል እንጂ አልዋሸም፤ የሚዋሽ ሰው እንደዚህ ቶሎ አንገቱን አይደፋም ስትል አሰበች።

ከሰዓት በኋላ ከሮማነወርቅ ጎን ተቀመጠች። ሮማነወርቅ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቶ ነበር። ባሏ ቤቱን እንደ ልጅ ይወደው እንደነበር፣ እሷ ግን ሽታው ሰልችቷት እንሽጠው ትል እንደነበር ነገረቻት። «ወንድሜ ደግ ነው። ሌላ ሰው ይኼንን የራሰ ቤት በግማሽ ዋጋም አይነካውም፣ እኔ ግን በግማሹ ከነውሃው እገዛዋለሁ አለን። ይልማ ግን እምቢ አለ» አለች።

አፀደ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም። ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ከተማ ሲተርክ ማዳመጥ ብቻ ሆነ ሥራዋ። ከሎዛን ለመጡት፣ ከጄኔቭ ለመጡት፣ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ነገሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሐሙስ ኦርሊኮን ነበርኩ ይላል። ወደዚያ ጉድጓድ በዕድሜዬ ወርጄ አላውቅም፣ ወገቤም አይፈቅድልኝም ይላል። ከዚያ ጎማው፣ ጭቃው፣ ናኒ። አንድም ቃል አይዛነፍም። ለአዲስ መጪ ሊነሣ ሲል ግን በሁለት እጁ ወንበሩን ተደግፎ ነው፤ ሲቀመጥም እንዲሁ። አፀደ አይፈቅድልኝም ያለውን ወገብ ሳይሆን የማይታጠፉትን ጉልበቶች ትመለከት ነበር።

ስድስተኛው ትረካ ለአንዲት አሮጊት ነበር። አሮጊቷ አለቀሱ፣ እሱም አብሮ አለቀሰና ታሪኩን ይበልጥ ሊያሳዝን ፈለገ። «ምስኪን፣ ያንን ሁሉ ለፍቶ፣ ሦስት ላስቲክ ለጥፎ፣ መጨረሻውን እንኳ ሳያይ!» አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አፀደ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ግቢው ወጣችና የፖሊሱን መርማሪ በስልክ አገኘችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ነበሩ። መርማሪው ከኋላ ቆሟል፣ ተድላ በጆሮው ፈረንሳይኛ ያንሾካሹክለታል። ናኒ ወጥ ቤቱ በር ላይ ትሪ እንደያዘች ቀርታለች። አፀደ ለቀስተኛውን ይቅርታ ጠይቃ ጀመረች።

«ፖሊስ ውሃው ከናኒ ጎማ ነው ይላል። ተድላ ከሐይቁ ነው ይላል። ውሃው ግን በፕላስተር ከታሸጉ ሁለት ላስቲኮች ሥር ነው ያለው፣ ታቹ ደግሞ ደረቅ ነው። ከመሬት አልወጣም። የጎማ ውሃም የታሸገ ላስቲክ ገልጦ አይገባም። ላስቲኩን አንሥቶ፣ ውሃ አፍስሶ፣ መልሶ የለጠፈ ሰው አለ። ይኼ ሰው አቶ ይልማ ቤታቸው የራሰ መሆኑን አምነው በርካሽ እንዲሸጡት ይፈልጋል። ተድላ ለመለካት ከመምጣቱ በፊትም ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታውን ሲያርስለት ኖሯል።»

ሮማነወርቅ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አቶ ከተማ፣ አቶ ይልማ ስንት ላስቲክ ነው የለጠፉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሁለት ነው አሉ» አለ።

«ትናንት ሦስት ብለዋል። አሮጊቷ እዚሁ አሉ፣ እኔም ሰምቻለሁ። ፖሊስ የሚያውቀው ሁለት ነው፣ ናኒም ሁለት። ሦስተኛው ሐሙስ የተለጠፈ ነው፤ እኔም ለፖሊሱ እስክነግር ድረስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲለጠፍ ያየው ሰው ካልሆነ በቀር።»

«የምላስ ወለምታ ነው።»

«ይሆናል። እንግዲያው ሱሪዎን ወደ ላይ ይሰብስቡልን። እዚያ ታች በእንብርክክ ካልሆነ አይኬድም፣ መሬቱም ጠጠር ነው። እኔና ተድላ መከላከያ አለን። ሙያው ያልሆነ ሰው ግን ጉልበቱ ይላጣል።»

ከተማ ሱሪውን አልነካም። እጆቹ ግን ሳያውቀው ጉልበቶቹን ሸፈኑ፣ ያንንም ሁሉም ሰው አየው።

«ይልማ ሥራ ላይ ነው ብዬ ነበር። ጉንፋን ይዞት ቤት ውሏል። ውሃ ሳፈስ ደረሰብኝ» አለ በመጨረሻ። «አልጮኸም። ከኪሱ ላስቲክና ፕላስተር አወጣና ይኼን አንተ ፊት እለጥፋለሁ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እህትህን ይዘን እናየዋለን አለኝ። ቀኑንም ጻፈበት። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው።»

«ከዚያስ?» አለች ሮማነወርቅ።

«ክዳኑን ዘጋሁ። ጎማውን ከፈትኩት።»

«ስትዘጋው ይተነፍስ ነበር?»

ከተማ ዓይኑን ከእህቱ አሽሽቶ ወደ በሩ አዞረ። ሮማነወርቅም ደግማ አልጠየቀችም።

መርማሪው ይዞት ሲወጣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። ሮማነወርቅ ከፍራሹ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደች፣ ትሪውን ከናኒ እጅ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው፣ እጇን ይዛ አምጥታ ከጎኗ፣ ከሐዘንተኞቹ መካከል አስቀመጠቻት። ናኒ ሦስት ቀን ያፈነችውን እንባ ያን ጊዜ ለቀቀችው።

ወዲያው ከሎዛን አዲስ ለቀስተኞች ገቡ። ምንም አልሰሙም። እንደ ደንቡ አልቅሰው፣ ተቀምጠው፣ «እንዴት ሆኖ ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ባዶው ወንበር ተመለከተ።

ሮማነወርቅ የናኒን እጅ እንደያዘች፣ «ወንድሜ ነው የገደለው። ልንገራችሁ» አለች።