ማንም የማይገባበት ጋራዥ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ አንድ ነገር ማሳወቅ ግድ ሆኗል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ጋራዥ ጣሪያ ላይ የነበረ አንድ አምፖል ተቃጥሏል።

አምፖል ይቃጠላል፤ ዕጣው ነው። ይህኛውን ለየት የሚያደርገው ማንም አለመቀየሩ ነው። የቤቱ ሰዎች አምፖል አጥተው አይደለም፤ ሳሎን ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ አዳዲስ አምፖሎች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አምፖሉን የሚቀይር ሰው መቃጠሉን ማወቅ አለበት፤ መቃጠሉን የሚያውቅ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ወደ ጋራዡ ደግሞ ማንም አይገባም። ይህ በቤቱ የታወቀ፣ የተደነገገ ያህል የጸና እውነት ነበር።

ጋራዡ ውስጥ የአባትየው መኪና ቆማለች። አባትየው አንድ ቀን ከሥራ ተመልሰው፣ መኪናቸውን አስገብተው፣ ቁልፉን እንደ ልማዳቸው እዚያው ሰክተው ትተው፣ “እስቲ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ” ብለው ወደ ቤት ገቡ። ጎናቸውን እንዳሳረፉ ቀሩ። ይኸው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ከቀብር መልስ መኪናዋ ላይ ሸራ ተጣለባት፤ ወሬውም አብሮ ተሸፈነ።

እናትየው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ “ብረት ነው፤ ምን አለኝ፣ ገዥ ሲገኝ ይሸጣል” ይላሉ። ትልቁ ልጅ መምህር ነው። “ሰው ከሄደ ሄደ ነው፤ ዕቃ ማምለክ አልወድም” ይላል፤ ሲናገርም እንደ ክፍል ውስጥ አንድ ጣቱን ያነሣል። ታናሽ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ደግሞ፣ “እኔማ ሸራው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ እንኳ አላስታውስም” ትላለች። ሸራውን በልክ ቆርጣ የሰፋችው እሷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ክፍል ከጋራዡ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። የስፌት መኪናዋ እየተንጣጣ ሳለ ምንም አይሰማም። ክር ልትቀይር እግሯን ስታነሣ ግን፣ አሁን አሁን፣ ከግድግዳው ማዶ ትንፋሽ ይመጣል። የተኛ ሰው ትንፋሽ፤ ረዘም ያለ፣ እርጥበት ያለው፣ መሃል ላይ ትንሽ የሚንተከተክ። አባቷ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ እንዲሁ ነበር የሚተነፍሱት። እግሯን ቶሎ ብላ ትመልሰዋለች። በዚያ ሰሞን የሰፋችው ልብስ ሁሉ፣ ደንበኞቿ እንደመሰከሩት፣ ስፌቱ ድርብ ነበር።

ሽታም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ መምህሩ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና፣

“የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ። ቦዩ ነው” አለ።

“ምን ቦይ አመጣህ ወንድም ጋሼ! አይጥ ሞታ ነው እንጂ።”

“አይጥ እንቁላል እንቁላል አትሸትም።”

“እንቁላል በልታ የሞተች ብትሆንስ?”

“እኔ ምንም አልሸተተኝም” አሉ እናትየው፤ አሉና ሳሉ። ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል፤ ዓይናቸውም ይቀላል። ሲጠየቁ ብርድ ነው ይላሉ። የሹራባቸው እጅጌ ላይም ደቃቅ ቀዳዳ በቅሏል፤ ልብስ ሰፊዋ ብል በላው ብላ ትጠቅማለች፤ በሳምንቱ ሌላ ቀዳዳ ይመጣል። ጨዋ ቤተሰብ ስለሆኑ ነገሩን በቦይ፣ በአይጥና በብል ላይ አሳብበው ምሳቸውን ጨረሱ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ቢያውቅ መልካም ነው። ልብስ ሰፊዋ ጋራዡ ውስጥ ትገባለች። እናቷ ጎረቤት ሲሄዱ ጠብቃ፣ የስልኳን መብራት አብርታ፣ ሸራውን ከፊት በኩል ገለጥ አድርጋ፣ የአባቷን አሮጌ ቻርጀር ከባትሪው ጋር ታገናኛለች። ሁለት ሰዓት ያህል ትተወዋለች፤ ከዚያ ነቅላ ሁሉንም እንዳገኘችው ትመልሳለች። በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። አባቷ፣ “ባትሪው ከሞተ መኪና ሬሳ ነው” ይሉ ነበር። አንድ ሬሳ ይበቃል ብላ ነው። ከሹፌሩ ወንበር ላይ ግን ተቀምጣ አታውቅም፤ እሱን እንኳን ልታደርገው ልታስበውም አልደፈረችም።

ሽታው ሲብስባት ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያኑ ሄደች። ሰፈሩ አንድ ቅንድብ ይለዋል፤ የግራው ስለሌለው ነው።

“አንዲት ደንበኛ አለችኝ” አለችው።

“እሺ፣ ደንበኛሽ ምን ሆነች?”

“የቆመ መኪና ባትሪ አላት። ቻርጅ ታደርገዋለች። አሁን አሁን እንቁላል እንቁላል ይሸታል። ድምፅም አለው።”

“ይንተከተካል?”

“ይተነፍሳል።”

አንድ ቅንድብ የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ። “ከጥጋብ በላይ ሆኗላ! ባትሪ እንደ አፋር እንግዳ ነው፤ በቃኝ አይልም፤ እስኪያመው ይጎርሳል። ውሃው ይፈላል፣ ይተናል፤ አሲድ ይረጫል፤ ጋዝ ይወጣል። ቤቱ ዝግ ነው?”

“ዝግ ነው።”

“ታዲያ ያ ጋዝ አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። እኔን እዪኝ። ውሃው ስንት እንደቀረ ልይ ብዬ ክብሪት ጫርኩ። ውሃውን አላየሁትም፤ ቅንድቤንም ከዚያ ወዲህ አላየሁት። ዓይኔ የተረፈው የናቴ ጸሎት ነው።” ከዚያ ፊቱን ቋጠር አድርጎ፣ “ስንት ሰዓት ነው የምትሰካው?” አላት።

“ሁለት ሰዓት። ያውም በሳምንት አንዴ ሁለቴ።”

“ይሄማ አያደርሰውም። ደንበኛሽ ዋሽታሻለች።”

“አልዋሸችም!” አለች፤ ለደንበኛ በማይሆን ቁጣ።

“እንግዲያው ሌላ ሰው ይቀልበዋል።”

“ሌላ ሰው የለም። ማንም አይገባበትም እኮ።”

“እኔ የባትሪውን ነው የነገርኩሽ” አለና ትከሻውን ሰበቀ። “ብቻ ስሚኝ። እሳት የሚባል ነገር እዚያ እንዳይደርስ። የቻርጀሩን መቆንጠጫ ከባትሪው ላይ መንጭቃ እንዳትነቅል፤ ብልጭ ይላል። ውስጥ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያም አትንካው። ከውጭ፣ ከቆጣሪው ታጥፋና በሩን ከፍታ ትራቅ። ከዚያ ትጥራኝ፤ ደንበኛሽ።”

መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ሰውም ነበር፤ እሷን ግን በረዳት። ሌላ ሰው ይቀልበዋል። ሙታን ቻርጀር እንደማይሰኩ ታውቃለች፤ እዚህ ድረስ የተማረች ናት። ነገር ግን ቻርጀሩን በሄደች ቁጥር መስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ገመዱ አባቷ ይጠቀልሉት እንደነበረው ወደ ግራ ተጠቅልሎ ነው የምታገኘው። እሷ ደግሞ፣ አሁን ሲገባት፣ የምትጠቀልለው ወደ ቀኝ ነው። እርምጃዋ ሩጫ ሆነ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሳሎን የሉም። ክፍሏ ገብታ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን አደረገች። ትንፋሹ አለ፤ ከወትሮው ፈጥኗል። ከትንፋሹ መሃል አንድ ሳል ተሰማ።

የጋራዡን የውስጥ በር ስትከፍተው ሽታው ፊቷን መታት። ሸራው ተገልጧል፤ ቻርጀሩ ከባትሪው ጋር ተገናኝቷል። እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን የመኪናዋ ግንባር ላይ አድርገዋል። በሌላው እጃቸው የበራ ሻማ ይዘዋል። አምፖሉ ተቃጥሎ የለ፣ ምን ያድርጉ?

“ቀስ በይ” አሉ ዘወር ሳይሉ። “ተኝቷል።”

ልጅቱ ደፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ብትጮህ ይደነግጣሉ፤ ቢደነግጡ ሻማው ይወድቃል። የሚወድቀው ደግሞ ባትሪው ላይ ነው።

“ስሚው እንጂ” አሉ እናትየው። “እንዲህ አልነበር የሚተነፍሰው?”

“ነው እማዬ። እንዲሁ ነበር።” ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። “እንዳንቀሰቅሰው። ሻማውን እንደያዝሽ ቀስ ብለሽ ነይ፤ እንውጣለት።”

እናትየው ትንሽ አሰቡና ተነሡ። ነበልባሉ አዘነበለ፤ ቀና አለ። እሷ እጇን ዘርግታ ቆማ፣ ያቺ አጭር ጋራዥ አገር አቋራጭ መንገድ ሆነችባት። ሻማውን በተቀበለች ጊዜ ጓሮ ድረስ ሮጣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ ከዚያ ወደ ቆጣሪው ሄዳ የግቢውን መብራት በሙሉ አጠፋችው። የጋራዡን ትልቁን በርም ከውጭ በኩል ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ከውስጥ የሚመጣው መንተክተክ ጥቂት ቆየና ላላ፤ ራራቀ፤ ጠፋ።

እናትየው ግቢው መሃል ቆመው ያዳምጡ ነበር። ብርሃን ላይ ሲታይ የእጅጌያቸው ቀዳዳ የብል ሥራ አለመሆኑ ግልጽ ነበር፤ አሲድ ነው የበላው።

“አቆመ” አሉ።

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ቆርጣለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ቆርጣ አታውቅም።

አንድ ቅንድብ ሲመጣ መምህሩም ከትምህርት ቤት ተመልሶ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ጋራዡ በደንብ እስኪናፈስና ባትሪው እስኪበርድ ሁሉንም ውጭ አስቆማቸው። ከዚያ የጎማ ጓንትና መነጽር አድርጎ ገባ። ባትሪው ጎንና ጎኑ ተነፍቶ ነበር። ሲያወጣው እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ግን ከፊቱ አርቆ ነው።

“ማነው ይሄን የሚሰካው?” አለ።

“ማንም አይገባበትም” አለ መምህሩ፤ ፈጠን ብሎ።

አንድ ቅንድብ ቻርጀሩን አገላበጠው። መያዣው ላይ በጠመኔ ብናኝ የታተመ የጣት ቅርጽ አለ። የላላው መቆንጠጫ በሰማያዊ የስፌት ክር ታስሯል። ክዳኑ ላይ ሻማ ተንጠባጥቧል።

“ይሄ ማንም የምትሉት ሰው፣ እግዜር ይስጠው፣ ትጉህ ነው” አለ። “ጎማውንም ነፍቶታል።”

መምህሩ እጆቹን ኪሱ ከተተና ወደ ጣሪያው ቀና አለ። “እንዴ፣ አምፖሉ ተቃጥሏል እንዴ?”

“እኔ በምን አውቄ” አሉ እናትየው።

“እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ።

እንግዲህ ወገን፣ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ባትሪ ከሞላ በኋላ የሚሰጡት ሁሉ ጉዳት ነው። ያበጠ ባትሪ አይታከምም፤ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም፤ ለሚሰበስቡት ይሰጣል። ቻርጅ የሚደረገው አየር ባለበት፣ እሳት በሌለበት ነው። አሲድ ዓይኑን የነካው ሰው በሚወርድ ውሃ እየታጠበ ይቆይ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ አልጋ አይሂድ። ይህን አንድ ቅንድብም ነግሯቸዋል። ያልነገራቸው፣ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ስላልሆነ፣ የሚከተለውን ነው። በዚህ ቤት ጥፋቱ የቻርጀሩ ብቻ አልነበረም። ሦስት ሰዎች አንድን ሰው ለየብቻቸው፣ ተደባብቀው፣ እየተራቀቁ ይናፍቁት ነበር። ከሦስቱ አንዱ ምሳ ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ዛሬ እኔ ሰክቼዋለሁ” ቢል ኖሮ፣ ሌሎቹ በቃ ብለው ይተዉት ነበር። ሐዘንን ደብቆ መቻል ጨዋነት ይመስላል። ጨዋነቱ ግን አንዲትን እናት ከነሻማዋ ሊወስድ አንዲት ብልጭታ ቀርታው ነበር።

ይህን ምክር የሚሰማ በዚያ ግቢ ገና አልተገኘም። አንድ ቅንድብ የፈሰሰውን አሲድ በሶዳ ውሃ አጠበና፣ “ሽቦዎቹን በልቷቸው እንደሆነ ልፈትሽ” ብሎ የራሱን ባትሪ አምጥቶ ገጠመ። “ደህና ከሆነች ገዥ አላጣላትም።”

“ይሸጥ” አሉ እናትየው። “ብረት ነው።”

“እኔም ስል የነበረው ይሄንኑ ነው” አለ መምህሩ።

“ይሸጥ፤ ምን ይሠራል” አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሸራው ሙሉ በሙሉ ተነሣ። አንድ ቅንድብ በሩን ከፍቶ ሹፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚያዩት ሌላ ነገር አገኙ፤ አንዱ አጥሩን፣ አንዷ ጫማዋን፣ እናትየው ሰማዩን። ሰማዩ ጠርቷል፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረበትም።

ቁልፉን አዞረው።

የዝናብ መጥረጊያዎቹ ተነሡ። በፍጥነት፣ ዶፍ ሲወርድ በሚደረግበት ፍጥነት፣ ደረቁን መስታወት ወዲያና ወዲህ ይጠርጉ ጀመር። አባትየው መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያስገቡ ዕለት ዝናብ ነበር፤ ሲወርዱ ሞተሩን አጥፍተው መጥረጊያውን ረስተውታል። ላስቲኩ ደረቁ መስታወት ላይ ሲፋቅ ሲጥ ሲጥ ይላል። አንድ ሰው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ከዝናብ ሊገባ የቸኮለ ይመስል ነበር።

“ይቅርታ፣ መስታወቱን ይጭረዋል፤ ላጥፋው” አለና አንድ ቅንድብ እጁን ዘረጋ።

“ተወው!” አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።