ጁሃን የመረጠው ስክሪን

ኮምፒውተር ሊያስገጣጥም ዮንግሳን ገበያ የሚመጣ ወጣት ምን እንደሚል ሶንሂ አፉን ሳይከፍት ታውቀው ነበር። ትልቅ ስክሪን ይላል። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚንቦገቦግ ኬዝ ይላል። ከዚያ ጓደኛው የገዛውን ግራፊክስ ካርድ ስም ይጠራና «ከዚያ የሚበልጥ» ይላል። ያደገችው በአባቷ ሱቅ በካርቶን መሀል ነው። አሁን ግን ሰው ሁሉ ዕቃውን በኢንተርኔት ስለሚያዝ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶች መዝጊያቸውን እያወረዱ ሄደዋል። ደንበኛ ብቅ ሲል አባትና ልጅ እኩል ብድግ ይላሉ።

ጁሃን የመጣ ቀን ብድግ ያሉት ግን ደንግጠው ነው። መግቢያው ላይ የተቆለለውን ካርቶን በትከሻው ገጭቶ ናደው፤ ይቅርታ እየጠየቀ ሊያነሳ ሲጎነበስ ደግሞ ወንበር ገፍቶ ጣለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ሌሎቹ ደንበኞች ስልካቸውን እየነካኩ ነው የሚያናግሯት። እሱ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዙሮ፣ ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተክሎ ነው የሚሰማት፤ በዚያ ሱቅ ውስጥ ከእሷ ሌላ ምንም ነገር የሌለ ይመስል። ሶንሂ መጀመሪያ የወደደችለት ይህንን ነው።

ፊልም ሠሪ መሆኑን ነገራት። ደቡብ፣ ቦልግዮ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ በሳንቃ እየተንሸራተቱ የሚበላ ዛጎል የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። እናቱ አንዷ ናቸው። ለዓመታት ሲቀርጻቸው ኖሮ አሁን ሊያቀናብረው ሲል የድሮ ኮምፒውተሩ አልሸከም አለው።

«ጌምም እንዲያጫውተኝ እፈልጋለሁ» አለ ትንሽ አፍሮ። «ቁጭ ብዬ ስሠራ ውዬ፣ ጌሙ ውስጥም ቢሆን ካልሮጥኩ አይሆንልኝም።»

ፕሮሰሰሩንና ሚሞሪውን ሲመርጡ አላስቸገረም፤ ከባዱን፣ የሚችለውን ወሰደ። ግራፊክስ ካርዱም ጥሩ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሲደርሱ ግን ትልልቆቹን አልፎ ጥግ ላይ የነበረውን ትንሽ ስክሪን አነሳ። ኬዙ ነጭ እንዲሆን፣ መብራት እንዳይኖረው ፈለገ። ኪቦርዱም ፊደሎቹ ጎላ ጎላ ያሉ። ጁሃን ከሄደ በኋላ አባቷ፣ በቅሎ ገዝቶ ለኮርቻው የሚሰስት ሰው ነው ብለው አጉረመረሙ። ሶንሂ በማግስቱ ትንሹን ስክሪን ለምን እንደመረጠ ስትጠይቀው፣ «ሁሉንም ባንዴ ማየት ስለምወድ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ምርጫው ማለቂያ አጣ። አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ድምፅ የማያሰማ ቢሆንስ ብሎ ይመጣል፤ ሌላ ቀን ማውዙን በእጄ ልሞክረው ብሎ ይመጣል። አንድ ከሰዓት አባቷ ከመነጽራቸው በላይ አይተውት፣ «ይሄ ልጅ ማራገቢያ አይደለም የሚመርጠው» አሉ። ሶንሂ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ምሳ ሰዓት ላይ ገበያው ጀርባ ካለችው ምግብ ቤት አብረው ኑድል መብላት ጀመሩ፤ በሾርባው እንፋሎት መሀልም «እርስዎ» መባባሉ ቀረና «አንተ»፣ «አንቺ» ሆነ። ማን ቀድሞ እንደተወው ሁለቱም አላስተዋሉም።

አንድ ቀን ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ አየችው። በጎኑ፣ እጅ ለእጅ በሚያነካካ ርቀት ላይ ሆና ስሙን ሳትጠራ እጇን አውለበለበችለት። ፊቱን ሳያዞር አልፏት ሄደ። ቆማ ጠበቀች፤ ቢዞር ብላ። አልዞረም። ከሰው ጋር ሲሆን የሱቅ ልጅ ማወቁ አሳፍሮት ይሆን አለች፤ ብቻውን እንደነበር ግን አይታለች። ያ ደግሞ ይበልጥ አመማት።

ወደ ሱቁ ሲመጣ «እንደምን ዋሉ» አለችው። ጁሃን ያንን «ዋሉ» ሰምቶ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ምን እንዳጠፋ ግን አላወቀም።

ኮምፒውተሩ ተገጣጥሞ ባለቀ ዕለት፣ ካርዱ ሲሞቅ እንዴት እንደሚሆን ለማየት በሁለት ማሽን ጎን ለጎን ተቀምጠው ጌም ተጫወቱ። ጁሃን ፊት ለፊቱ ያለውን ጠላት አይስትም። ከጎን የሚመጣው ግን ሁሌ ይገድለዋል። ደግሞ ይነሳል፤ ደግሞ ከጎን መጥቶ ይገድለዋል። ሶንሂ ኩርፊያዋ አልበረደላትምና፣

«ከጎን የሚመጣ ሰው ማየት አይሆንልዎትም?» አለችው።

ማውዙን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አይሆንልኝም» አለ።

ከዚያ ነገራት። ዓይኑ ከዳር እየጠበበ ነው። ሌሊት ምንም አያይም፤ ቀን ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ትልቅ ስክሪን ሲሆን ጥጉ ይጠፋበታል፤ ጥቁር ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይጠፋበታል። በዘር የመጣ ነው፤ በእሱ ዓይነቱ ሕመም ላይ የሚሠራ መድኃኒት የለም። መቼ ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ የሚነግረው ሐኪም አላገኘም። ፊልሙን ከዚያ በፊት መጨረስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አባቷ ጥግ ላይ ብሎን እየለዩ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ሶንሂ የደረጃውን ነገር አስታውሳ አንገቷን ደፋች።

ሶንሂ የተበላሸ ነገር አይታ ዝም ማለት አታውቅም። ማሽን ሲሞት ክፍሉን አንድ በአንድ ፈትታ፣ የሞተውን ለይታ፣ በሌላ ተክታ ነው ያደገችው። የዓይን ሐኪም አፈላልጋ ቀጠሮ አስያዘች፤ ለመነችው፤ እሷን ላለማስቀየም ሄደ። ሐኪሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሌሎቹ ያሉትን ነው ያሉት፣ ብቻ ረጋ ብለው። ሁለቱ ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ጁሃን እጇን ያዘ።

«ሶንሂ፣ አንቺ ፈትቶ መቀየር ለምደሻል። እኔ ጋ የሚቀየር ዕቃ የለም። ሌላ ሐኪም አትፈልጊልኝ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አላነሳም። አባቷም አንድ ማለዳ ሱቅ እየከፈቱ፣ ፊታቸውን ወደ መዝጊያው እንዳዞሩ፣ «እናትሽን እስክትሞት ያስታመምኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ፍቅር ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም የምነግርሽ።» ሶንሂ መዝጊያውን በሌላው ጫፍ ይዛ አብራ አነሳችው።

ክረምቱ ገብቶ ብርዱ ሲጠና፣ አንዲት ሴትዮ የበረዶ ሣጥን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። የጣታቸው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጭቃ ታጥቦ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። ሶንሂ የምትባለው አንቺ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁ። የጁሃን እናት መሆናቸውን ተናገሩ።

«ኮምፒውተሩን ከዚህ፣ ከሶንሂ ነው የገዛሁት ብሎኝ ነበር» አሉ። «ስክሪኑን በበሩ ክፍተት አየሁት፤ ትንሽ ነው። የልጄ ዓይን ደክሟል። ትልቁን ስጪኝ። ካላችሁ ሁሉ ትልቁን።»

ሶንሂ አባቷን አየች። አባቷ ወደ መደርደሪያው ዞሩ።

ትልቅ ስክሪን ለእሱ የባሰ እንደሚሆን እያስረዳች፣ ጣቶቿን እንደ ቀለበት አጥፋ ዓይናቸው ላይ አደረገችላቸው። ሴትዮዋ በዚያች ቀዳዳ ሱቁን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ታዲያ የትኛው ነው የሚሻለው?» አሉ።

«የሚሻል የለም፣ እማማ።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ዛጎሉን በሌሊት ባቡር ይዘውለት ነው የመጡት፤ ልጃቸው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ደህና ነኝ፣ ወደ አገርሽ ግቢ ብሏቸው ዘጋው። «ይሄን እንግዲህ ማን ይበላዋል» አሉ ሣጥኑን እያዩ። ሶንሂ ኮቷን አነሳች። አባቷ ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ታክሲው ድረስ አደረሱላቸው።

ጁሃን በሩን ሲከፍት ሶንሂ ፊት ለፊቱ ቆማለች።

«ልረዳህ አልመጣሁም» አለችው። «ልረዳህ እንደማልችል ገብቶኛል። ናፍቀኸኝ ነው የመጣሁት።»

ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ከስቶ ነበር። እጁን ዘርግቶ እጅጌዋን ያዘ፤ ከዚያ የሰው ትንፋሽ የሰማ መስሎት፣

«ማነው አብሮሽ ያለው?» አለ።

እናቱ በስተቀኙ፣ ክንዱን ሊነኩት እስኪደርሱ ተጠግተው ቆመዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሱቁ ውስጥ በጣት ቀዳዳ ያዩት ምን እንደነበር ገና ያን ጊዜ ገባቸው።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ።

ያን ቀን ዛጎሉን ቀቅለው አብረው በሉ። ሲመሽ እናቱ ሶንሂን ሳህኑን ተዪው፣ አጠገቡ ተቀመጪ አሏት።

በጸደይ ተጋቡ። የሶንሂ አባት ሰርጉ ላይ አለቀሱ፤ ከደስታ ነው ከሌላ፣ ጠያቂ አልነበረም። የጁሃን ዓይን ግን ፊልሙን አልጠበቀውም። በመጀመሪያ ጌሙ ቀረ። ከዚያ ፊደሉ ጠፋ። በመጨረሻ ከስክሪኑ የቀረው ብርሃን መኖር አለመኖሩ ብቻ ሆነ። እሱ ድምፁን እየሰማ የት እንደሚቆረጥ ይናገራል፤ ሶንሂ የሚታየውን ትነግረውና ትቆርጣለች።

አንድ ቀን ጠዋት የፊልሙ መጨረሻ ላይ ደረሱ፤ እናቱ ባሕሩ ከመመለሱ በፊት በሳንቃ ወደ ዳር ሲመጡ የቀረጸው ነበር።

«ጥርት ያለ ነው?» አላት።

«ጥርት ያለ ነው።»

«ሶንሂ፣ ሌላው ቢዋሸኝ እችለዋለሁ» አለ።

እውነቱን ነገረችው። ምስሉ ደብዝዟል፤ ሲቀርጸው ዓይኑ ከድቶት ሳያውቅ ቀርቷል። ሌላ ቅጂ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

«እንግዲያው የሚታይሽን ንገሪኝ» አለ።

«ግራጫ ነው። አንድ ጥቁር ነገር ከሩቅ ይመጣል፤ ሰው ይሁን እንጨት አይለይም። እየቀረበ ይመጣል። አሁን ጎንበስ ቀና ሲል ሰው መሆኑ ይታወቃል። ፊታቸው አይታይም፣ ጁሃን። እስከ መጨረሻው አይታይም።»

የጭቃው ድምፅ፣ የሳንቃው መንሸራተት፣ የእናቱ ትንፋሽ ክፍሉን ሞላው። ጁሃን አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስኪያልቅ ሰማ።

«እንዳለ ይሁን» አለ። «እኔም ያየኋት እንዲሁ ነው።»