ሃያው ጣሳ በፋንድያ፣ ሃያው በዩሪያ

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሣ ሲል አንዲት ወጣት ሁለት የቀለም ጣሳ ታቅፋ ገባችና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጣሳዎቹ ውስጥ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ የጅራኒየም ቁራጭ ተተክሏል። ውጭ ያካፋ ስለነበር መስኮቶቹ ተዘጉ። ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከፊት የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ረዳቱ ዞር ዞር ብሎ ፈለገና ምንጩን ሲያገኘው፣ ሰውና ፋንድያ በአንድ ታሪፍ እንደማይሳፈር ተናገረ። ሁለት አሮጊቶች በአዊኛ የሆነ ነገር ተባብለው ሳቁ። ልጅቷ ጣሳዎቿን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት መስኮቱን ትንሽ ከፈተላት። ካፊያው ትከሻውን ያርሰው ጀመር። መኪናው ከከተማው ከወጣ በኋላ ግን ወደ ጣሳዎቹ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ዩሪያ ብታደርጊበት እኮ አይሸትም ነበር» አላት።

«ቢሸት ይሻለኛል። የማይሸት ነገር ሲበዛ በምን አውቃለሁ?»

«መጠኑን ካወቅሽ አይበዛም።»

«ለአንድ ጣሳ ስንት ነው መጠኑ?»

ወጣቱ ዮናዳብ ይባላል። ዳንግላ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ መጋዘን ማዳበሪያ እያስረከበ የሚኖር ሰው ነው። ለአንድ ሄክታር በቆሎ ስንት፣ ለስንዴ ስንት እንደሚገባ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት ይናገራል። ስለ አንድ የቀለም ጣሳ ግን ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ወንድ ልጅ እንዲህ ቶሎ አላውቅም ሲል ሰምታ አታውቅም።

እንጅባራ መናኸሪያ ሲወርዱ አንዱን ጣሳ ተሸከመላት። በመንገድ ላይ ስሟ ሚልካ እንደሆነ፣ አባቷ አቶ ቢያድግልኝ አናጺም የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌም እንደሆኑ፣ ይህን ድርብ ቀይ አበባ ፍለጋ ዳንግላ ድረስ ለምን እንደወረደች ነገረችው። የአጎቷ ልጅ ርብቃ በጥር ታገባለች። አዳራሹን በአበባ የምታስጌጠው ሚልካ ናት። አቶ ቢያድግልኝ ጓሮውን ለጣውላ ማከማቻ ይፈልጉታል፤ እሷ ደግሞ አበባ ተክላ ልትሸጥበት ትለምናቸዋለች። ክርክሩ ሲሰለቻቸው አንድ ቀን ቁርጡን ነገሯት፤ ለርብቃ ሠርግ አዳራሹ ካማረ ጓሮው የእሷ ነው። ካላማረ ጫግኒ ወርዳ በአክስቷ የእህል መደብር ትሠራለች።

«ታዲያ ፋንድያውን ታምኚዋለሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ፈረስ የሌለው ቤት በሌለበት አገር ፋንድያ ካላመንኩ ምን ላምን ነው?» አለችው። ከዚያ የያዘችውን ጣሳ አስተካክላ ጨመረች። «ግን የአንተም ምን እንደሚሆን ባይ ደስ ይለኛል።»

ዮናዳብ በሚቀጥለው እሑድ ጥቂት ዩሪያ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። የመጣው ለጸሎት መሆኑን ለአቶ ቢያድግልኝ ነገራቸው፤ ውሸትም አልነበረም፤ ከዳንግላው ጉባኤ ሰላምታም ይዞ ነበር። አቶ ቢያድግልኝ ግን የያዘውን ወረቀት አዩት።

ሚልካ በተደጋጋሚ ከዳንግላ አምጥታ አርባ ካደረሰቻቸው ጣሳዎች ሃያውን በግራ፣ ሃያውን በቀኝ ደርድራ ጠበቀችው። አፈሩ አንድ ዓይነት፣ ፀሐዩ አንድ ዓይነት ነው። የግራዎቹ ከረመው የፈረስ ፋንድያ ይበላሉ፤ የቀኞቹ ዩሪያ በውሃ ይጠጣሉ። ቁንጥር ይበቃል ብለው ተስማሙ። ወዲያው ግን የማን ቁንጥር የሚል ጥያቄ መጣ። ሁለቱም ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አስተያዩ። የእሱ የእሷን ሁለት እጥፍ ያህላል።

«ያንተ ለበቆሎ ነው» አለችው።

በእሷ ቁንጥር ሆነ። ሚልካ ውሃውን በቆርቆሮ ኩባያ ይዛ እሱ ነጩን ፍሬ ጨመረበት። በእንጨት ስታማስለው ድንገት አቆመች።

«ቀዘቀዘ» አለች።

«ምኑ?»

«ኩባያው። ንካው።»

ዮናዳብ ጣቶቹን ከጣቶቿ ቀጥሎ ኩባያው ላይ አሳረፈ። እውነትም ከምንጭ እንደተቀዳ ውሃ ቀዝቅዟል። ስንት ዓመት በኩንታል ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረውን ነገር በውሃ በጥብጦ አያውቅም ነበር። ለምን እንደሚቀዘቅዝ ጠየቀችው፤ አሁንም አላውቅም አላት። ኩባያው ወደ ነበረበት ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ሁለቱም እጃቸውን አላነሡም፤ ይህን ለማየት ነው ብለው ተማምነው ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ጣሳዎቹን ለማየት መምጣት ልማድ ሆነ። ቅጠል ይገለብጣሉ፣ ግንድ ይለካካሉ። እሱ ሲያወራ እሷ እጁን ታያለች፤ እሷ ስታጎነብስ እሱ አንገቷ ላይ የተበተነውን ፀጉር ያያል።

ኅዳር ሲገባ ልዩነቱ ለማንም የሚታይ ሆነ። የግራዎቹ ደህና ናቸው፤ ግን ቁጥብ ናቸው፤ ቅጠላቸው ትንንሽ፣ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ። የቀኞቹ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ከጣሳቸው ተርፈዋል። በአጥር በኩል የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ የሚያየው የቀኙን ነው። በዚህ አገር ሰው ማሳ አይቶ የሚመርቀው ቅጠሉ ሲጠቁር ነው።

አንድ እሑድ አቶ ቢያድግልኝ መላጊያቸውን አስቀምጠው መጡና በሁለቱ መካከል ቆሙ።

«ዮናዳብ፣ ልጄ፣ ይኸን ለሁሉም ብታደርጉትስ? መጠኑንም ከፍ ብታደርጉት ተክሉ ይችላል?»

ሽማግሌው ልጄ ብለው ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። ዮናዳብ የሚልካን ዓይን ሸሸ።

«ይችላል፣ አባባ» አለ።

ሚልካም አልተቃወመችም። የጠቆረው ቅጠል እሷንም አታልሏት ነበር። የፋንድያውንም ረድፍ ዩሪያ አጠጡት፤ በእሷ ቁንጥር መለካትም ቀረ።

ታኅሣሥ ገባ፤ እንቡጥ የለም። ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፋ፤ ግንዱ እንደ ሸንኮራ ለመለመ፤ እንቡጥ ግን የለም። ሚልካ በየጠዋቱ ቅጠሉን እየከፈለች ውስጡን ታያለች። ዮናዳብ በስልክ በጠየቃት ቁጥር ገና ነው ትለዋለች። ቀስ በቀስ መጠየቁን አቆመ፤ ቀስ በቀስም እሑድ መምጣቱ ላላ።

የርብቃ ሠርግ ዕለት አርባው ጣሳ በአዳራሹ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ተደረደረ። አንድም ቀይ ነገር አልነበረባቸውም። ሙሽራይቱ ስትገባ ከወንድ ሚዜዎቹ አንዱ፣

«ሠርግ ቤት ነው ጎመን ተራ የገባነው?» አለ።

የሰሙት ሳቁ። ርብቃም ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ሚልካ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ዮናዳብ ተጋብዞ መጥቶ ከእሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ አቶ ቢያድግልኝ ወደ ሁለቱ መጡ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ፋንድያሽ ነው» አሏት ለልጃቸው። «የዚህ ልጅ ማዳበሪያ ቅጠሉን እንዴት እንዳሳመረው ሁላችንም አይተናል። አበባውን የያዘው ፋንድያሽ ነው።»

ሚልካ ወደ ዮናዳብ ዞረች። አልለመነችውም፤ አየችው ብቻ። ፋንድያ ነክቷቸው የማያውቁት ሃያዎቹ እንኳ አንድ እንቡጥ እንዳላወጡ እሱ ያውቃል። ይችላል ያለውም እሱ ነው። ዮናዳብ ጫማውን አየ። የሆነ ሰው ለፎቶ ጠራቸውና አቶ ቢያድግልኝ ሄዱ። ሚልካ ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እሷም ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት ጫግኒ ወረደች። ከአርባው አራት ጣሳ ብቻ ይዛ ሄደች፤ ሁለት ከግራ፣ ሁለት ከቀኝ፤ ከጎናቸው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋባቸው።

ጫግኒ ሞቃት ነው። የአክስቷ የእታለማሁ መደብር ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ይጮኻል፤ የበቆሎ ብናኝ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። አክስቷ ምላሰኛ ብትሆንም ክፉ ሴት አይደለችም። አበባዎቹን ባየች ጊዜ ለፍየል ነው ወይስ ለሰው ብላ ጠየቀች። ያም ሆኖ እጇን በታጠበች ቁጥር እጣቢውን እነሱ ላይ ታፈስስ ነበር። ሚልካ ምንም አልጨመረችባቸውም። ስለ አበባም ስለ ዳንግላም አላወራችም። ዮናዳብ ሲደውል ታየዋለች፤ አታነሣውም።

ዮናዳብ መደወሉን ትቶ በየካቲት መጨረሻ እንጅባራ ሄደ። አቶ ቢያድግልኝን ከሥራ ቦታቸው አገኛቸው። እንዲቀመጥ ነገሩት፤ ቆሞ ነገራቸው። ዩሪያ ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ብቻ እያበዛ አበባውን እንደሚረሳ፣ ይህን ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጠይቆ ያወቀው ከሠርጉ በፊት በታኅሣሥ መሆኑን፣ በሠርጉም ቀን እያወቀ ዝም ማለቱን ሁሉንም ተናገረ። ሽማግሌው መላጊያውን አላቆሙም። የእንጨቱ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«እኔም የጠቆረ ቅጠል ወድጄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መጠኑን ከፍ አድርጉት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጓሮውን በዓይናቸው አሳዩት። ሚልካ ከሄደች ወዲህ ጣውላ ተከምሮበታል። ተነሥተው ወደዚያ ሄዱ፤ እሱም ተከተላቸው።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ዮናዳብ ጫግኒ ደረሰ። ሚልካ ሚዛን ላይ ነበረች። አየችውና ለደንበኛዋ መስፈሯን ቀጠለች። ደንበኛዋ እስክትሄድ ጠበቀ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም እስኪሄድ ጠበቀ። እታለማሁ ከውስጥ ሆና አየችው።

«አንተ ልጅ፣ እህል ትገዛለህ ወይስ ጥላችን ጥሞህ ነው?»

«ሚልካን ላናግራት ነው፣ እትዬ።»

እታለማሁ ሁለቱንም አየቻቸውና ሚዛኑን ተቀበለች።

በጓሮ በር ወጥተው ቆሙ። ለአባቷ የነገራቸውን ለእሷም ደገመላት። ሚልካ እጇን አጣምራ ሰማችው።

«አንድ ነገር ነው ማወቅ የምፈልገው» አለች። «ለምን ዝም አልክ? በሚኒባሱ ውስጥ አላውቅም ለማለት ያላፈርክ ሰው።»

«ያኔ የማጣው ነገር አልነበረኝም» አላት። «አባባ ልጄ ካሉኝ በኋላ ግን፣ እውነቱን ብናገር ቤታችሁ የምገባበት በር የሚዘጋብኝ መሰለኝ። በሩ እንዳይዘጋብኝ ዝም አልኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ አንቺን አሳዝኜ ማንን ላገኝ ነበር የምገባው?»

ሚልካ እጇን ፈታችና ከግድግዳው ሥር ወደተቀመጡት ጣሳዎች አመለከተችው። አራቱም አብበዋል። ድርብ ቀይ አበባ ቅጠሉን ሸፍኖት በጣሳው አፍ ላይ ይፈስሳል። ዮናዳብ ቁጢጥ አለ።

«ምን አደረግሽላቸው?»

«ምንም። አክስቴ እጣቢ ታጠጣቸዋለች።»

«ፋንድያ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው?»

«ምልክቱን ውሃው አጥቦታል።»

አፈሩን በጣቱ ቆፈር አድርጎ አሸተተ። ቅጠል ገለበጠ። እሷም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ እንደ ድሮው ግንድ መለካካት ጀመረች።

«ይኸ የእኔ ይመስለኛል» አለ።

«እሱ የእኔ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም» አለችና ሳቀች። ከሠርጉ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። ሙቀቱ ይሁን፣ ዩሪያው በእጣቢው ታጥቦ ማለቁ ይሁን፣ ወይስ ፋንድያው ቀስ ብሎ መድረሱ፣ ተከራከሩበት። አንዱንም ማረጋገጥ አልቻሉም። ሚልካ ስህተታቸውን አገኘችው፤ ምንም የማይደረግበት አንድ ረድፍ ሊኖር ይገባ ነበር።

«ሰኔ ሲገባ ከእነዚህ እንቆርጥና እንተክላለን» አለች። «ሦስት ረድፍ። በእኔ ቁንጥር።»

«የት ነው የምንተክለው?»

ፈገግታዋ ደበዘዘ። ጓሮውን እንዳጣችው አስታወሰች።

«አባባ ጓሮው ባዶ ነው በላት ብለውኛል» አለ ዮናዳብ በቀስታ። «መጀመሪያ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ይዤው የመጣሁት ወሬ ነው ያስታረቀን እንድትይ አልፈለግሁም።»

«ጣውላውስ?»

«አንሥተነዋል።»

«እናንተ?»

«እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ እኔ በአንድ ጫፍ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።»

ሚልካ እጁን ይዛ ገለበጠችው። መዳፉ ላይ የጣውላ ስንጥር የወጋበት ቦታ ገና አልሻረም። በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችው፤ ያመው እንደሆነ ጠየቀችው፤ አያመኝም አላት። እታለማሁ ከውስጥ ደንበኛ መጥቷል ብላ ተጣራች። ሚልካ መጣሁ አለች እንጂ እጁን አልለቀቀችውም።