በግራ በኩል አቧራ አለ

ይትባረክ ድንጋይ ወርውሮ ስቶ አያውቅም። በልጅነቱ የሰው ማንጎ ሲያወርድ ያደገ እጅ ነው። ምነው ያን ቀን እንኳ በሳተ።

ዱሬቲን ያገኛት በአዳማና ደራ መስመር፣ በራሱ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ ጋቢና ትቀመጥና ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር አንድ ነገር ትጽፋለች። በሦስተኛው ቀን ትዕግስቱ አለቀ።

«እህቴ፣ ትራፊክ ነሽ ወይስ ሌላ?»

«ኢንጂነር ነኝ። ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ልንሞክር ነው። አሁን መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ለምን ቀዝቀዝ አልክ?»

«በግራ በኩል አቧራ አየሁ። አቧራ ካለ ከብት አለ፤ ከብት ካለ ከኋላው የሚሮጥ ሰው አይጠፋም።»

እውነትም ከብቱ ብቅ አለ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። ከብቱ አልፎ ካለቀ በኋላም እንደዚያው ናቸው። ከኋላ «ወራጅ አለ!» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጮኸባቸው።

አራት ወር ተዋደዱ። እሷን ለመጠበቅ ሲል ተራው ደርሶ ለሌላ ይለቅ ነበር፤ ሹፌር ተራውን ከለቀቀ ደግሞ የማይለቀው ምን ቀረ?

አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «ሙከራው ከተሳካ በዚህ መስመር አሥራ ሁለት መኪና ያስገባሉ። አንተን ቢሮ እንዲቀጥሩህ ጠይቄያለሁ፤ መኪኖቹን በስክሪን ትከታተላለህ።»

«ስንት ሰው ይፈልጋሉ?»

«ሁለት።»

«ተራው ላይ ስልሳ ሦስት ነን፣ ዱሬቲ። እኔው ባሳየሁሽ መንገድ እኔኑ ልታባርሩኝ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አላነሳም።

የሙከራው ዕለት ሹፌሮቹ ከአዋሽ ድልድይ አለፍ ብለው መንገድ ዘጉ። መሪያቸው ወዬሳ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የጨበጠ፣ እስከዚያ ቀን ክፉ ያልነበረ ሰው።

«መኪናዋ ሰው ፊቷ ከቆመ አትንቀሳቀስም ተብሏል። ቁሙ» አላቸው።

እውነትም ቆመች። የኋላ መስታወቷ ጥቁር ነው፤ መሪው ላይ ማንም የለም። ለሹፌር ደግሞ ሹፌር የሌለው መኪና ባዶ መኪና ነው። ውስጧ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም።

ድንጋይ ዘነበ። የይትባረክ ድንጋይ የኋላውን መስታወት ሰብሮ ገባ። ከውስጥ የሴት ጩኸት ወጣ። ድምፁን ያውቀዋል።

ወዬሳ አልሰማም፤ ቤንዚን አርከፍክፎ ክብሪት ሊጭር ነው። ይትባረክ ዘሎ አንገቱን አነቀው። ወዬሳ በጎማ መፍቻ አፉን መታው፤ ሁለት ጥርስ ረገፈ፤ አልለቀቀውም። ሌሎች ሦስት ሆነው «ከሃዲ!» እያሉ ጎኑን ረገጡት።

«ሰው አለ» ይላል ደም እየተፋ። «ውስጥ ሰው አለ።»

ሲገባቸው አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሉ።

በሩን ገንጥሎ አወጣት። ግራ ዓይኗ ያለበት ቦታ ደም ብቻ ነው።

«ደራ ላይ ተራ እየጠበቅክ ነው ብለውኝ» አለችው ልብሱን ጨብጣ፣ «ልታረቅህ እየመጣሁ ነበር።»

ሚኒባሱን እንደዚያ ቀን ነድቶት አያውቅም። አዳማ በሕይወት አደረሳት፤ ዓይኗ ግን አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን አልጋዋ አጠገብ ተንበረከከ።

«ድንጋዩ የኔ ነው።»



«አውቃለሁ» አለች። «መኪናዋ ሁሉንም ቀርጻለች። ትናንት አየሁት።»

«ለፖሊስ ሰጠሽው?»

«አልሰጠሁም። አንተው ራስህ ሂድ።»

ሄደ። አሥራ አራት ወር ታሰረ፤ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ኩባንያው መኪኖቹን ለጊዜው አነሳ። ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሹፌሮቹ ያውቃሉ።

በተፈታበት ጠዋት ከእስር ቤቱ በር ፊት ለፊት የራሱ ሚኒባስ ቆሟል። አጠገቡ ዱሬቲ ናት፤ ቁልፍ ይዛለች።

«ወዬሳ ነው አምጥቶ ያቆመልኝ» አለች። «ቀድሞህ ተፈቷል። ፊትህን ማየት አፍሮ በእግሩ ሄደ።»

«ይቅር ብለሽኛል?»

«ገና ነው። መኪኖቹም በመስከረም ይመለሳሉ። ሁለቱንም እወቅ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ስለምወድህ ነዋ። ፍቅሩ እኔን ሳይጠይቅ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው።»

ጋቢና ገባች። እሱም መሪውን ያዘ።

«እዚህ ስቀመጥ አንተ በማላይበት በኩል ነህ» አለችው ፊት ለፊት እያየች።

«ከኋላ ትቀመጪ?»

«አይሆንም። የምታየውን እየነገርከኝ ንዳ።»

ከከተማው ሲወጡ ቀዝቀዝ አለ።

«በግራ በኩል አቧራ አለ።»

እጇን በዳሰሳ ዘርግታ ማርሹ ላይ ያለውን እጁን ያዘች።