የዳኛው የመጨረሻ አስተያየት

ሟቹ ከትንሹ አዳራሽ ጀርባ ባለው ደረጃ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ማስታወሻ ደብተሩ ከጎኑ ወድቋል፤ እርሳሱ ግን አምስት ደረጃ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ሰፈሩ «ዳኛው» ይለው ነበር። የሚዳኘው ሰው ሳይሆን ፊልም ነው። ቅዳሜ አዲስ የገባውን ያያል፤ እሁድ ጠዋት አስተያየቱን በአንድ ወረቀት ጽፎ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ይለጥፋል። ሰዉም ያቺን ወረቀት ሳያነብ ትኬት አይገዛም።

ወጣቱ ፖሊስ ነገሩን በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ፊልም አጫዋቹን በካቴና አስሮ መርማሪዋን ጠበቃት። እሷን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። አዲስ የመጡት ስለ ቅጥነቷ ይመስላቸዋል፤ በእሷ የተጠየቁት ግን ምክንያቱን ያውቃሉ።

«ሰውየው ዛሬ ጠዋት ዳኛውን በሰው ፊት ‹ከደረጃ ላይ ነው የምወረውርህ› ብሎታል» አለ ፖሊሱ። «ደግሞ ዳኛው በሞተበት ሰዓት የትልቁ አዳራሽ ድምፅ ጠፍቷል። ማሽኑ ጋ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር?»

«ማሽን ሰው ስላፈጠጠበት አይበላሽም ያለህ ማን ነው?» አለችው መርፌ።

ሽማግሌው አጫዋች መሬት መሬት ያያል። ትኬት ሻጯ ልጁ ግን መርማሪዋን ተከትላ ከደረጃው ሥር ደረሰች።

«እትዬ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ወደ ዋናው ጣቢያ እንወስደዋለን ብለውኛል። አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው። እዚያ አንድ ሌሊት አይችልም።»

«አራት ሰዓት ገና ነው» አለቻት መርፌ፤ ይህም ከእሷ አፍ የሚወጣው ትልቁ ማጽናኛ ነበር።

ደብተሩን አነሳች። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቤቱ ነው፦ «ምስሉ ደብዝዟል፤ አጫዋቹ ሌንሱን የሚወለውለው በካልሲው ይመስለኛል። ወንበሮቹ የወገብ ጠላቶች ናቸው፤ ባለቤቷ አንድ ቀን ብትቀመጥባቸው ትቀይራቸው ነበር።» ሁለተኛው ሐሙስ ስለገባው የህንድ ፊልም፦ «ሁለት ወንድማማቾች ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንዲት ሴት ተጣሉ። እሷን የጠየቃት የለም። ዘፈኑን አስቀርቶ ፊልሙን የሚጥልልኝ ባገኝ ደስ ባለኝ።» ሦስተኛው ዛሬ በትንሹ አዳራሽ ስለታየው አኒሜሽን ነው፦ «ነጎድጓድ የሚፈራ ደመና። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ያየኝ ሰው እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን ደመናው ከተራራው ጋር ሊጣላ ነው።» ቀጣዩ ገጽ ተቀዷል። ከማሰሪያው ላይ የቀረው ፍርፋሪ ብቻ ነው።

አኒሜሽኑ የጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ደመናው ከተራራው ጋር የሚጣላው በአርባ አምስተኛው ደቂቃ ነው። የሲኒማ ቤቱ ባለቤትና ጽዳት ሠራተኛዋ ሬሳውን ያገኙት ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ላይ ነው። መርፌ ይህችን አሥር ደቂቃ በእጇ ጨብጣ መዞር ጀመረች። የሚገርመው ግን ማንንም «የት ነበርክ» አላለችም። የምትጠይቀው «ፊልሙ እንዴት ነበር?» እያለች ነው።

«እኔ ፊልም አላይም፤ የማየው ሰው ነው» አሏት የሲኒማ ቤቱ ባለቤት። «ከጽዳቷ ጋር እቃ ቤት ስንቆጣጠር ነበር። ዳኛውን ነፍሱን ይማረው፤ ሦስት ፊልም ገድሎብኛል።»

ፈንዲሻ ሻጯ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ነበረች። «ፊልሙማ ደግ ነው፤ ፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጭንቅላት ነው ግማሹን የበላብኝ። ደግሞ ዘፈኑ ሲጀምር ድምፁ ጭጭ። ሰው አፉን እየከፈተ ይደንሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። መጀመሪያ ጮህን፣ ከዚያ አንዱ ከኋላ ዘፈኑን አነሳው፤ እኛም ተቀበልን። ቃሉን ማን ያውቀዋል? እንዲሁ እያንጎራጎርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኛው ዘፈንነው። ከማጫወቻው ክፍል ደግሞ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ በባትሪ እያበራ ሲያስጨፍረን ነበር።»

«ባትሪውን የያዘውን ሰው አይተሻል?» አለ ፖሊሱ።

«በጨለማ? እኔ ድመት ነኝ እንዴ?»

ፖሊሱ ወደ መርፌ ዞሮ «ባትሪ ማንም ያበራል» አለ። በዚህስ እውነቱን ነበር።

የቀረው አንድ ሰው ነው። «ወርቅ ጉሮሮ» ይሉታል፤ የደመናውን ድምፅ በእኛ ቋንቋ የተጫወተ፣ ስሙ በፖስተሩ ላይ ከደመናው በላይ ጎልቶ የተጻፈ ተዋናይ። በሲኒማ ቤቱ ባለቤት ቢሮ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ከፔርሙዝ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት አየር እንደ ፉጨት ይስባል።

«የራሴን ፊልም ማየት አልወድም» አላት። «ትልቁ አዳራሽ፣ ፎቁ ላይ ነበርኩ። እኔን ትኬት አይጠይቁኝም።»

«ታዲያ እንዴት ነበር?»

ፊቱ በራ። «ታላቅ ወንድሙን የሚጫወተው ልጅ ዓይኑን ብቻ ነው የሚያፈጠው። ታናሽየው ይሻላል። ሴራው ገና ከሠርጉ ጀምሮ ይላላል። ያዘንኩት ግን በዘፈኑ ነው። ዘፋኙ በአፍንጫው ነው የሚዘፍነው፤ ከፍ ሲል ድምፁ ይሰነጠቃል። ዛሬማ አጫዋቹ አጉልቶ ስለለቀቀው ጆሮዬን ነው ያመመኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው ድምፅ ላይ አይታለልም።»

«ወንበሩስ?»

«ወንበሩ? ምንም አይል።»

መርፌ አመስግናው ወጣች። ከዚያም ትኬት ሻጯን አስከትላ ትንሹ አዳራሽ ገባችና አኒሜሽኑ ከተራራው ጠብ ትንሽ ቀደም ካለው ጀምሮ እንዲታይላት አዘዘች። የካርቱን ፊልም ከሕፃንነቷም አትወድም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው።

ደመናው ከጠቡ በፊት አየር እየሳበ ይናገር ነበር፤ ከጠቡ በኋላ ንግግሩ ያለ አንዳች ፉጨት እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«አንቺም ሰማሽው?» አለች።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «ይሄኛውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውሎ ‹ወንድም ጋሼ፣ ተዋናዩ፣ እዚያ አለ?› ያለኝ ሰው ነው። እኔ እኮ ወርቅ ጉሮሮ ራሱ እየቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።»

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በትልቁ አዳራሽ የፊት ረድፍ ተቀመጡ። አጫዋቹ በካቴናው፣ ልጁ ከጎኑ፣ ባለቤቷ፣ ጽዳቷ፣ ፈንዲሻ ሻጯ፤ ጫፍ ላይ ወርቅ ጉሮሮ እግሩን አጣምሮ። ፖሊሱ ሰዓቱን ያያል።

«ከደብተሩ እንጀምር» አለች መርፌ። «አንድ ገጽ ብቻ ተቀዷል። አጫዋቹን የሚሰድበው ገጽ በቦታው አለ። የእርስዎን ወንበሮች የሚሰድበውም አለ፣ እትዬ። ስድቡን ለማጥፋት የሚገድል ሰው ስድቡን ትቶ አይሄድም። ስለዚህ የጠፋው ገጽ የሌላ ሰው ነው፤ የሚያወራውም ከተራራው ጠብ በኋላ ስላለው ነገር ነው። እኔም ያንን ቁራጭ ሰማሁት። እዚያ ጋ ደመናው ጉሮሮ ቀይሯል።»

ወርቅ ጉሮሮ ፈገግ አለ። «ቴክኒክ ነው። ደመናው ድፍረት ሲያገኝ ድምፁ ይለወጣል።»

«ጥሩ አስተያየት ነው። ትናንት የሰጡኝም ጥሩ ነበር፤ ጥሩነቱ ነው የከነከነኝ። እዚህ አዳራሽ ተቀምጦ የወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ወገቡ፣ ስለ ፊተኛው ሰው ጭንቅላት፣ ስለ ሙቀቱ ነው። እርስዎ ብቻ ስለ ፊልሙ ነገሩኝ። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም ብዬ ተውኩት። የዘፈኑን ግን መተው አልቻልኩም።»

«ዘፈኑ ምን ሆነ?»

መርፌ ወደ ፈንዲሻ ሻጯ ዞረች። «ትናንት በስምንት ሰዓቱ ዘፋኙ በአፍንጫው ነበር የዘፈነው?»

«የቱ ዘፋኝ?» አለች ሴትዮዋ። «ድምፅ የለ፣ ምን የለ። የዘፈንነው እኛ ነን አልኩሽ እኮ።»

የወርቅ ጉሮሮ እግር ከተጣመረበት ወረደ።

«ፊልሙን ያዩት ሐሙስ ነው» አለችው መርፌ። «ሌላ ሰው ቢሆን ‹ደስ ይላል› ብሎ ያልፍ ነበር። እርስዎ ግን ድምፅ ሳይተቹ ማለፍ አይችሉም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያልሰማውን ድምፅ ጆሮዬን አመመኝ አሉኝ። በዚያች አሥር ደቂቃ እዚህ አልነበሩም።»

«ተሳስቼ ይሆናል። ለዚህ ሰው ይታሰራል?»

መርፌ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች። የኋላው በር ተከፈተና የአውቶቡስ ሾፌር ልብስ የለበሰ ሰው ገባ። ለምን እንደተጠራ የነገረው የለም።

«እንደምን አደራችሁ» አለ።

ፈንዲሻ ሻጯ አፏን ያዘች። ጽዳቷ ሳታስበው «ደመናው» አለች።

ወርቅ ጉሮሮ ሻርፑን ከአንገቱ ፈታ። ሲናገር ፉጨቱ ከቃሉ ይበልጥ ነበር። «ግማሹን እንደጨረስኩ ጉሮሮዬ ዘጋ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይሆንም አለኝ። የሚቀጥሉትን አራት ፊልሞች ፈርሜያለሁ። ወንድሜ ማታ ማታ ስቱዲዮ ገብቶ ጨረሰልኝ። ማንም አላወቀም፤ ዳኛው ግን ትንሹ አዳራሽ ውስጥ ቀና ብሎ አዳመጠና መጻፍ ጀመረ። ሲወጣ ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ዞሮ ‹ድምፅህ የት ሄደ፣ ልጄ?› አለኝ። አዝኖልኝ ነው። ማዘኑ ነው ያሳበደኝ። ደብተሩን ስነጥቀው አልለቅም አለ፤ ገፈተርኩት።»

ሾፌሩ ወንድሙ አጠገብ ሄዶ ቆመ። «ወንድም ጋሼ፣ ቢጠይቁኝ ያንተ ድምፅ ነው እል ነበር እኮ። ዕድሜ ልኬን።»

ፖሊሱ ሰውየውን አስነስቶ ወሰደው፤ ተመልሶም የካቴናውን ቁልፍ ሦስት ኪስ ውስጥ ፈልጎ የአጫዋቹን እጅ ፈታ።

«እውነት ለመናገር» አለ ሽማግሌው ለመርፌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽቦውን በሁለት ደቂቃ ቀጥዬው ነበር። እንዲያ ሲዘፍኑ ማቋረጥ አሳዘነኝና ድምፁን ሆን ብዬ ዘጋሁት።»

«ይህን ትናንት ለምን አልተናገሩም?»

ሽማግሌው በዓይኑ ጥግ ባለቤቷን አየ። «ሰምታ ታባርረኛለች ብዬ።»

«አባዬ፣ ከእስር ቤት ይልቅ እሷን ፈራህ?» አለች ልጁ።

«አንቺ አታውቂያትም።»

ባለቤቷ ጣሪያውን ይመለከቱ ጀመር። ልጅቷ ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም። ከወለሉ ላይ ተንበርክካ የደነዘዙትን የአባቷን እጆች ደም እስኪዞርባቸው ታሽ ጀመር፤ አራት ሰዓት ሞልቶ ካለፈም በኋላ አልለቀቀቻቸውም።