በአዲሱ ሽፋን ውስጥ

እማማ ክር ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። አንድ ጫማቸው ወልቆ አራተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ቀሚሳቸው ግን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ በወጉ ተስቧል፤ ዓይኖቻቸውም ተከድነዋል። ልብስ ሰፊ ከሥራ መሃል ሲነሣ እንደሚያደርገው፣ ነጭ ክር የገባበት መርፌ ደረታቸው ላይ ሰክተዋል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰፉ ስለኖሩ ነው ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው። መርማሪዋ አጠገባቸው ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«የኋላ ጭንቅላታቸው የደረጃውን ጠርዝ መትቷል። ወድቀው ይሁን ተገፍተው ግን ቁስሉ አይናገርም ነው የሚለው» አለ ሳጅኑ። ነገር ቶሎ ጨርሶ ምሳው ላይ መድረስ የሚወድ ሰው ነው። «ለእኔ ግን ይናገራል፣ ኢንስፔክተር። ትናንት ማታ ትልቋ ልጃቸው ስትጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል። ‹የገዛሁት ለአንቺ ነው፤ እሱ ከፈለገ ራሱ ይግዛ!› እያለች። ዛሬ ረፋድ ላይ ደግሞ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ሰዓት ያህል ጠፍታለች። የት ነበርሽ ስትባል ጥርሷን ነክሳ ዝም!»

«ምን ነበር የገዛችላቸው?»

«ፍራሽ።»

«በፍራሽ እናት ይገደላል?»

«ሰው በመርፌም ይጣላል እኮ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ደረጃውን አየች። ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ ቀይ ሰም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። «እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል አላላችሁም?»

«ያማቸዋል። ላይ ቤት ልጃቸውና ነፍሰ ጡር ሚስቱ ናቸው የሚኖሩት። እሳቸው ደረጃ መውጣት ከተዉ ዓመታት አልፈዋል።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አወጣቸው?»

ሳጅኑ ጢሙን አሻሸ።

ትልቋን ልጅ በእናትየው ክፍል ውስጥ አነጋገረቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስለ ፍራሹ ንገሪኝ።»

«አሁን ስለ ፍራሽ ይወራል?»

«እኔም ባለፈው ዓመት ገዝቻለሁ። መከራውን አውቀዋለሁ።»

ሴትዮዋ ትንሽ ተፍታታች። «ስንት ሱቅ እንደ ዞርኩ! አንዱ ውፍረቱን ያሳይሻል፣ ሌላው አበባውን። ወፍራም ሁሉ ጠንካራ ይመስልሻል እንጂ ውስጡ አየር ነው። በኋላ ነቃሁ። በጡጫዬ እጫነውና እለቀዋለሁ፤ ቶሎ ካልተመለሰ ትቼ እወጣለሁ። ጠርዙን ይዤ አነሣዋለሁ፤ ከቀለለኝ ዓመት አይቆይም ማለት ነው። ዚፑን ከፍተህ አሳየኝ ስለው አንዱ ሻጭ ‹እመቤቴ፣ የምትመርጪው ፍራሽ ነው ሙሽራ?› አለኝ። ሙሽራማ ቢከፋ ይመከራል፤ ፍራሽ ማን ይመክረዋል? አልኩት።»

ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

«መጨረሻ ላይ አቅሜ የሚችለው ጠንካራ ፍራሽ አገኘሁ። ክብደቱ ክብደት እንዳይመስልሽ፤ ሁለት ተሸካሚዎች ተጋግዘው ነው ያስገቡት። ገና ሳምንቱ ነው። የእማዬ ወገብ ሊያርፍ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ትናንት ‹ለወንድምሽና ለሚስቱ ልስጣቸው› አትለኝም? ጮኽኩባት። የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት ሆነ።»

«ዛሬ ረፋድ ላይስ የት ነበርሽ?»

«ተይኝ። አሁን ቢነገር ምን ያደርጋል?»

ብቻዋን ስትቀር መርማሪዋ አልጋውን ተመለከተች። ሽፋኑ ገና የሱቅ ሽታው አልለቀቀውም፤ ሰማያዊ አበባ አለበት። በጡጫዋ ተጫነችው። እጇ ሰመጠና የአልጋው ርብራብ ጣቶቿን ቆረቆራት። ዚፑን ከፈተች። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ ተፈርፍሯል፤ መሃሉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። እማማ ክር ግን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተኙት ብቻቸውን ነበር።

ዚፑን መልሳ ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችም።

ከሳጅኑ ጋር ሲወጡ ግን ሐሳቧ አልተላቀቃትም። «እኔ ሁለት ነበር የገዛሁት» አለችው። «ጥሩውን ለእናቴ፣ ርካሹን ለራሴ፤ ሽፋናቸው አንድ ዓይነት። ደግነቱ ርካሹ እስካሁን አልጎደጎደም።»

«ዕድለኛ ነዎት። የእኔዋ እንኳ ‹የምንተኛው ገደል ውስጥ ነው› እያለች ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ምራቲቱን አስጠራቻት። ሆዷ ገፍቷል፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው። ከበሩ ላይ ሆኜ ጮኽኩ።»

«ዓይናቸውን የከደንሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አልቀረብኳቸውም፤ ፈርቼ! ተከድኖ ነበር።»

«ሌሊቱን የት አደርሽ?»

«ከባሌ እህት ከእታለም ጋር እዚሁ ምድር ቤት ወንበር ላይ፣ ተቃቅፈን ስናለቅስ። ላይ ቤት አልወጣሁም። ይህን ሆድ ይዤ ያ ጉድጓድ ላይ ምን ልሠራ እወጣለሁ?»

ታክሲ ነጂው ባሏ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ።

«ተሳፋሪ ይዤ ነበር። በስልክ ነው የተጠራሁት።»

«ማታ ላይ ቤት ብቻህን ነው ያደርከው?»

«ብቻዬን።»

«እንቅልፍስ ወሰደህ?»

«ከየት መጥቶ! ሐዘኑ አንሶ ያ የጎደጎደ ፍራሽ ደግሞ አለ። እንደ ወትሮው ርብራቡ ጎኔን ሲወጋኝ አደረ።»

«አዝናለሁ። ክፍሉን ልየው?»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

የላይኛው አልጋ ከምድር ቤቱ ጋር አንድ ልክ ነው፤ አናጺ የነበሩት የልጆቹ አባት ሁለቱንም በአንድ መለኪያ ሠርተዋቸዋል። የፍራሹ ሽፋን ያረጀ ባለ ቡኒ መስመር ጨርቅ ነው። መርማሪዋ ተጫነችው። ፍራሹ ጡጫዋን ወዲያው መለሰላት። የሽፋኑ ስፌት ዙሪያውን በደበዘዘ ቡኒ ክር ነው፤ በአንዱ ጫፍ ብቻ ግን ጥቃቅንና እኩል በሆነ የእጅ ስፌት፣ በአዲስ ነጭ ክር ተዘግቷል። አንዱ ጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ሰም ነክቶታል።

ሁሉንም በስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ የሕፃን ልብስ ነበር።

«እማማ ክር በልባቸው ያሰቡትን አደረጉ» ብላ ጀመረች። «ልጃቸው እንዳትቆጣ ግን በድብቅ። አሮጌው ስፖንጅ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ያወርደዋል። አዲሱ ሽፋን ውስጥ ከተቱትና ራሳቸው አልጋ ላይ አነጠፉት። አዲሱን ፍራሽ በአሮጌው ሽፋን አለበሱት፤ ዚፕ ስለሌለው በእጃቸው ሰፉት። መርፌው ከነክሩ ደረታቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ፍራሹን ማንም አልነጠቃቸውም።»

ትልቋ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች።

«አዲሱን ወደ ላይ ማውጣት ቀረ። እሱን አንድ ሰው ተሸክሞ አያወጣውም፤ ጉልበት የሚያማቸው ሴትማ ጭራሽ። ከታች እሳቸው ከያዙ፣ ከላይ የያዘ ሌላ ሰው አለ። እሳቸው ከወደቁ በኋላ ያ ሰው ፍራሹን ብቻውን እየጎተተ አወጣው፤ የደረጃው ሰም ጎኑ ላይ ቀርቷል። ተመልሶ ዓይናቸውን ከደነ፤ ቀሚሳቸውን ሰበሰበ። ጠላት ይህን አያደርግም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ምራታቸው ላይ ቤት አልወጣችም፤ ስለ ፍራሹ ያወራችው የምታውቀውን ነው። ባሏ ግን ማታ እዚያው ተኝቷል። ለዓመታት ጉድጓድ ላይ የተኛ ሰው በዚያ ፍራሽ ላይ ጎኑን ሲያሳርፍ ልዩነቱን ማወቅ ነበረበት። እሱ ግን ‹ርብራቡ ሲወጋኝ አደረ› አለኝ። መለወጡን የማያውቅ ሰው ‹ምን ጉድ ነው ይሄ?› ይላል። የሚደብቅ ነው ‹እንደ ወትሮው› የሚለው።»

ቁልፉ ከወንድምየው እጅ ወደቀ። ከወንበሩ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የግቢው በር ተንቋቋ» አለ። «እታለም የመጣች መሰለን። ደንግጬ ፍራሹን ወደ ላይ ሳብኩት፤ ከእጇ አመለጠ። ነፋስ ነበር… ነፋስ። ሮጬ ወረድኩ። ትናገር ነበር! ‹እኔ ደኅና ነኝ፤ መጀመሪያ ፍራሹን አስገባው፤ እህትህ እንዳታየው› አለችኝ። አስገባሁት። አንሶላውንም አነጠፍኩ፤ ትራሱን ሳይቀር አስተካከልኩ። ስመለስ…»

ቀና ብሎ መርማሪዋን አየ።

«ፍራሹን ትቼ ሐኪም ጋ ብሮጥ ትተርፍ ነበር?»



«እናትህን ታዘዝክ፤ እሱን ዳኛ ይመዝነዋል» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «እህትህ ልትታሰር ስትል ዝም በል ያለህ ግን ማን ነው?»

ወንድምየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትልቋ ልጅ ግን እሱን አላየችም፤ ያላለቀውን የሕፃን ልብስ አንሥታ ጭኗ ላይ ዘርግታው ነበር።

«ያን ሰዓት የፍራሽ ሱቅ ነበርኩ» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ጩኸቴ ቆጨኝ። ለእናንተም ሁለተኛ ላዝዝላችሁ ሄድኩ። ስመለስ ሞታለች። በሬሳዋ ላይ ቆሜ ‹እኔ ደግ ነበርኩ› ልበል?»

ምራቲቱ አቀፈቻት። ሳጅኑ ካቴናውን ሳያወጣ የወንድምየውን ክንድ ደግፎ አስነሣው።

መርማሪዋ አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ እናቷ ወጥ ቤት ሆነው ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ሳትቀመጥ ወደ እናቷ ክፍል ገባች፤ አንሶላውን ገልጣ አልጋቸውን በጡጫዋ ተጫነችው። ርብራቡ ጣቶቿን ቆረቆራት።

ወደ ራሷ ክፍል ተሻገረች። ዓመት ሙሉ ጥሩ እንቅልፍ የተኛችበትን፣ ርካሹ ነው ስትል የኖረችውን ፍራሽ ተጫነችው። እጇን ወዲያው መለሰላት።

ጫፉን ማን ይዞላቸው ይሆን? አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ?»

«ምንም አይደል፣ እማዬ።» ከአልጋው ተነሣች። «ወገብሽ ግን እንዴት ነው?»

«ኧረ እኔ ደኅና ነኝ» አሉ እናቷ።