ፕሮሰሰሩ እጄ ውስጥ ነበር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያውኑ ያዙልኝ። የፊዚክስ መምህር ልጅ ነኝ፣ ማታ ጣራችን ቋ ሲል ጎረቤቶቻችን የኢየሱስን ስም ሲጠሩ አባዬ «ቆርቆሮ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል» እያለ ያሳደገኝ፣ ክፍል ውስጥ ልጆች ስለ መንፈስ ሲያወሩ እጄን አውጥቼ «ማስረጃ አላችሁ?» ስለምል አስቴር መባሌ ተረስቶ «ማስረጃ» ተብዬ የቀረሁ ልጅ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስታነቡ «ይቺ ደግሞ ፈሪ ናት» እንዳትሉ፣ አደራ። ነገሩ የሆነው ደግሞ በጨለማ አይደለም፣ በመቃብር ቦታም አይደለም፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሶዶ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ላስተዋውቃችሁ። አባዬ ኮምፒውተር አለው ስል ቢሮ ውስጥ የምታዩትን ባለ ስክሪን ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። አባዬ ወጣት ሳለ፣ እኔ ሳልወለድ፣ አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄደ ጊዜ የለቃቀማቸውን አይሲ የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች በብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ፣ ከተጣለ የስልክ ኬብል የፈለቀቃቸውን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየበየደ በእጁ የሠራው ነው። የትሪ ስፋት ያለው ቦርድ፣ መሃሉ ላይ በግራና በቀኝ ሃያ ሃያ እግር ያለው ጥቁር ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል በሉት)፣ ፊት ለፊት ስምንት ትንንሽ ቀይ መብራቶች፣ ኃይሉ ከመኪና ባትሪ፣ በቃ። ድምፅ ማጉያ እንኳን የለውም፣ ግን አጠገቡ ትንሽ ሬዲዮ ስታስቀምጡ ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ሬዲዮው ውስጥ ይሰማል፣ ጣቢያ እንደሚረብሽ ዓይነት ይጮኻል፣ አባዬም ያንን ረብሻ ገርቶ ዜማ አደረገው። እመኑኝ፣ ይሄኛው ተአምሩ አይደለም፣ ይሄኛው ፊዚክስ ነው።

ማሽኑ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው። መብራቶቹ እየበሩና እየጠፉ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ ሲሞላ ስምንቱም በአንድነት ይበሩና ሬዲዮው ውስጥ ዘፈን ይጀምራል። ዘፈኑ የአያቴ ነው፣ ተበላ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ገጠራቸው እንሰት ስትፍቅ ልጅ አዝላ የምታንጎራጉረው፣ ራሷ የፈጠረችው እሹሩሩ ነበር አሉ። አባዬ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች፣ እህቱ አክስቴ ማርታ ያኔ ገና የምትታዘል ሕፃን ነበረች። አባዬ የሚያስታውሰው የዘፈኑን ግማሽ ብቻ ነው፣ ማሽኑ ላይ የጫነውም ግማሹን ነው፣ ያንንም ቢሆን ማሽኑ ሲዘፍነው ሰምቶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ቦርዱ ቆጠራውን ጨርሶ አያውቅም።

አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አራት ይሄድና መብራቶቹ ባሉበት ድርቅ ይላሉ፣ ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ጋር በሽታውን ስንፈልግ ነው ያደግኩት፣ ባትሪውን በቴስተር ለካን፣ ልክ ነው፣ ሙቀት ይሆናል ብለን በካርቶን አራገብንለት፣ ያው ነው፣ ሽቦ ላልቶ ይሆናል ብለን እያንዳንዱን በእርሳስ ጫፍ ነካካን፣ አንዱን ስንጠግን ሌላው የታመመ ይመስላል። የአባዬ ሕግ «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ የቀየርሽውን ጻፊ፣ የሆነውን ጻፊ» የሚል ነው። ለዚህ ሰማያዊ ደብተር አለን፣ በግራ «የተቀየረው»፣ በቀኝ «የሆነው» ይላል፣ ቀኙ ከላይ እስከ ታች «ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ» ነው።

ከዚያ አባዬ ታመመ። ሆዱ ውስጥ እባጭ ተገኘ፣ ሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይደረጋል ተባለ፣ ሐኪሙ እማዬን ለብቻዋ ጠርቶ ልቡም ደከም ያለ መሆኑን ነገራት፣ እማዬ ደግሞ ፊቷ መደበቅ አይችልም። ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ አባዬ እጄን ይዞ «አስቱ፣ ከመግባቴ በፊት አንዴ ብሰማው ጥሩ ነበር» ብሎ ሳቀ። አባዬ ሲፈራ ይስቃል። እኔም «አሰማሃለሁ» አልኩት፣ ምን ይዤ እንደሆነ እንጃ። እሁድ አሥር ሰዓት ላይ እማዬ በሞባይል የቤት ስልካችን ላይ ልትደውል፣ እኔ የስልኩን እጀታ ሬዲዮው አጠገብ ላስቀምጥ ተስማማን።

እሁድ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ጊዜ አስነሳሁት፣ ስድስት ጊዜ ቆመ። ቤት ልትጠብቅልን ከተበላ የመጣችው አክስቴ ማርታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ ትፈለፍላለች፣ ውጭ ዝናብ አለ፣ ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኗል።

«አንቺ ልጅ፣ ምሳሽን አልበላሽም እኮ።»

«ተይኝ አክስቴ፣ ሦስት ደቂቃ ደርሷል።»

«ሦስት ደቂቃ! ወንድሜ በዚህ ፋንታ አንዲት ጥጃ ቢያሳድግ ኖሮ ይሄኔ በረታችን ሞልቶ ነበር።»

«ጥጃ አትቆጥርም።»

«እሷ ባትቆጥር እኛ ወተቷን እንቆጥራለን!» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች።

መብራቶቹ ቆሙ። ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ብቻ ቀርቷል። እያለቀስኩ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፣ ፕሮሰሰሩን በቢላ ጫፍ እግሮቹ ከሚሰኩበት ሶኬት አወጣሁት፣ እግሮቹ ዝገው ይሆናል ብዬ በላጲስ ማሸት ጀመርኩ። ሃያውን ጨርሼ ወደ ሌላኛው ወገን ስዞር ስልኩ ጮኸ። ቀድመው ነው የደወሉት።

«አስቱ፣ ቶሎ በይ፣ ነርሷ ልታስወጣን ነው» አለች እማዬ። ወዲያው የአባዬ ድምፅ መጣ፣ ቀጥኗል። «ልጄ፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌዋለሁ። በይ።»

«አባዬ፣ ትንሽ ቆይ...» ስል አክስቴ ማርታ ልታግዘኝ ብላ ተነስታ «ይሄ ወልቆብሻል እኮ!» አለችና የባትሪውን ገመድ መልሳ ሰካችው።

መብራቶቹ በሩ። መቁጠር ጀመሩ።

ሶኬቱን አየሁ፣ ባዶ ነው፣ አርባ ትንንሽ ቀዳዳ። ግራ እጄን ከፈትኩ፣ ፕሮሰሰሩ መዳፌ ላይ ተጋድሟል። እንደገና ሶኬቱን አየሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ይህ ማለት ሹፌሩ ወርዶ ባጃጁ ብቻውን ዳገት ሲወጣ ማየት ነው። አክስቴ «አየሽ? ገመዱ ነው እኮ!» ብላ ወደ ቦሎቄዋ ተመለሰች፣ የዚያን ቀን ብቸኛ ምስክሬ እሷ ናት፣ ለእሷ ደግሞ ፕሮሰሰር ኖረ አልኖረ አንድ ነው።

«እየሰማሁ ነው!» አለ አባዬ በስልኩ ውስጥ። «እየቆጠረ ነው! አስቱ፣ እንዳትነኪው!»

እጀታውን ሬዲዮው አጠገብ አስቀመጥኩና ቆምኩ። ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ አራት አለፈ፣ አምስተኛው ላይ መዳፌ ሞቀኝ። ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሥራ ላይ ሲሆን እንደሚሞቀው ይሞቃል፣ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ ከእኔ በቀር። ሰባተኛው ላይ ስላቃጠለኝ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው ጣቶቼን ፈታ አደረግኩ፣ መብራቶቹ ባሉበት ቆሙ፣ ሬዲዮው ሽሽሽ አለ፣ «አይ!» አለ አባዬ ከሆስፒታል። ጨበጥኩት። ቀጠሉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ በኋላ አልፈታሁም፣ ጥርሴን ነክሼ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ፣ እንባዬ እየወረደ፣ አባዬ ልቅሶዬን እንዳይሰማ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ፕሮሰሰሩን ያዝኩት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ስምንቱም በሩ፣ ዘፈኑም ጀመረ። ቀጭን ነው፣ ንብ በጠርሙስ ውስጥ የምትዘፍን ይመስላል፣ ግን ዜማው ዜማ ነው። አባዬ ወዲያ ማዶ ሆኖ አብሮት ሲያንጎራጉር ይሰማኛል። ግማሹ አለቀ፣ ሊቆም ይገባ ነበር፣ አባዬም ቆመ።

ሬዲዮው አልቆመም። ቀጠለ። ሰምቼው የማላውቀውን፣ ማንም ያልጫነውን ሌላውን ግማሽ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው። አክስቴ ማርታን አየኋት፣ ቦሎቄው ከእጇ ወድቋል፣ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋለች፣ ጀርባ ላይ ታዝሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሕፃን። አምሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት ናት።

ከዚያ መብራቶቹ ጠፉ። «አስቱ» አለ አባዬ፣ ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር፣ «ሌላውን ከየት አገኘሽው?» ከመመለሴ በፊት ስልኩ ተዘጋ።

አባዬ ዳነ፣ ተመስገን። በሦስተኛ ሳምንቱ በባጃጅ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከአልጋው በፊት ማሽኑ ጋ ሄደ። ፕሮሰሰሩን ወደ ሶኬቱ መልሼው ነበር፣ አስነሳነው፣ ሦስት ደቂቃ ሄዶ ቆመ። ደብተሩን ገለጠ፣ የዚያ እሁድ ቀኑ ብቻ ተጽፏል፣ ግራውም ቀኙም ባዶ ነው።

«አንድ ነገር ቀይረሻል። ምንድን ነው?»

«አላስታውስም።»

«ማስረጃ አላስታውስም ይላል እንዴ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት!» አለች አክስቴ ማርታ ከጓዳ። «ገመዱ ወልቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም መስክሬአለሁ!» ስለ ዘፈኑ ስጠይቃት ግን «የምን ዘፈን? ሸለብ አድርጎኝ ነበር» ትላለች።

ለምን አልነገርኩትም ትሉኛላችሁ። የሰማኸው አንተ የሠራኸው ማሽን አይደለም ብዬ እንዴት ልንገረው? ዘፈኑን ለማን ነው የምሰጠው ታዲያ? መዳፌ ላይ ሃያና ሃያ ሆነው በሁለት መስመር የተሰለፉ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩኝ፣ ለራሴ የያዝኳቸው ማስረጃዎች፣ አባዬ በመጣበት ሳምንት ጠፉ።

አሁን አባዬ የሚጠይቀኝ ማሽኑ እንዲሠራ እንኳን አይደለም፣ ዘፈኑን ነው። ሌላውን ግማሽ አንዴ ሰምቶ መልሶ ጠፋበት፣ እኔም ጠፋኝ፣ ሌሊት ልይዘው ስል ያመልጠኛል። ምን መቀየር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ቤት ማንም በሌለበት ፕሮሰሰሩን ነቅዬ ጨብጬ እስከ ባትሪው ገመድ ደርሻለሁ፣ ሁለቴም ፈርቼ መልሼዋለሁ።

ትናንት አባዬ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ግማሹን አንጎራጎረ፣ የሚያልቅበት ቦታ ሲደርስ አፉን እንደከፈተ ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቀ። ባትሪው ተነቅሏል፣ ሬዲዮው ጠፍቷል፣ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ነው፣ አይቼዋለሁ። ባዶውን ግራ እጄን ከጀርባዬ ደብቄ ጨበጥኩት፣ ሞቆኝ ነበር።